ድልድይ ሲደረመስ ደብተር ያዙ

ድሬ ያደገ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ችግሩ ዝናቡ ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ዘንቦ ውሃው ከተማው ተኝቶ ሳለ ከች ሊል መቻሉ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት እንዲሁ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ጎርፍ ነበር። ድልድይ ሰው ይዞ ቢወድቅም ግን ሰፈር ላይ የሚሆነው ያው ነው፤ ጩኸት፣ ሩጫ፣ የማይነሳ ስልክ፣ ከዚያ ማን እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው መጥፋት።

መጀመሪያ ያልወደቀው ግማሽ ላይ ማንም አይውጣ። ቆሞ ስላያችሁት ደህና ነው ማለት አይደለም። ጎርፍ ድልድይ ሲጥል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምሰሶው እግር ሥር ያለውን አሸዋ ቦርቡሮ በመውሰድ ነው፣ አስፋልቱ ላይ ምንም ሳይታይ። ስለዚህ ባጃጆችን በሁለቱም ጫፍ አግድም አቁሙ፣ ማታ ከሆነ መብራታቸውን አብርተው ይቁሙ። ድሬ ላይ ከባጃጅ የሚፈጥን አጥር የለም። አንድ ሁለት ልጅ ደግሞ ስልክ ይዘው ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ይሂዱ። ታች ያለው አዳኝ ሁለተኛውን ውሃ አያየውም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ፖሊስ 991። ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚወስደውን መንገድ ክፍት አድርጉ። ኮንክሪት የተጫነውን ሰው እጁን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አንገቱን ወይ አከርካሪውን ትጎዱታላችሁ። አዋሩት፣ አልብሱት፣ ባለሙያ እስኪደርስ አጠገቡ ሁኑ።

አሁን የጠፉ ሰዎች የሚጻፉበት ደብተር። ሁለት ያስፈልጋል፣ አንድ ከዚራ በኩል አንድ መጋላ በኩል፤ ድልድዩ ሲሄድ ከተማው ለሁለት ተከፍሏላ። የያዙት ሰዎች በየሰዓቱ ይደዋወሉ። የምትጽፉት ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ የለበሰው ልብስ፣ መጨረሻ ያገኘው ሰው ስልክ። እና በአላህ፣ በማርያም፣ የቅጽል ስሙን አትርሱ! አንድ ጊዜ ጎረቤታችንን ሆስፒታል በር ላይ ስንፈልግ ሙሉ ስሙን የሚያውቅ ጠፍቶ ግማሽ ሰዓት ቆመናል። ሰፈሩ በሙሉ «ሙዜ» ነው የሚለው። ለካ ስሙ ከፊታችን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፣ አልፈን አልፈን አንብበነዋል።

ከጠፉት ውስጥ ስም የሚሰረዘው በዓይኑ ያየው ወይም ራሱን ያነጋገረው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። «ሳቢያን ሰፈር ታይቷል አሉ» አያሰርዝም። አንዷ እናት በ«አሉ» ተስፋ አድርጋ ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ትቀመጣለች።

የሞተ ሰው ስምና ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትን አደብ አስገዙ። መርዶ ወግ አለው፤ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ልቧ ደካማ የሆነችው አጠገብ ሰው ይቀመጣል። አሥመራም ሆነ ጅቡቲ ያለች እህት የወንድሟን አስከሬን ስልኳ ላይ ማየት የለባትም።

ቀብሩ ላይ የአፎሻና (የሙስሊሙ እድር ማለት ነው) የእድር ሰዎች በዚያው ቀን አንድ ላይ ይቀመጡ። ሙስሊሙ ቶሎ መቅበር ይፈልጋል፣ ክርስቲያኑ ሩቅ ያለ ዘመድ ሊጠብቅ ይችላል፣ ሁለቱንም ደግሞ የፖሊስና የሆስፒታል ወረቀት ይይዛቸዋል። ያንን ወረቀት የሚከታተል አንድ ተናጋሪ ሰው ከሆስፒታሉ አይነቃነቅ። ከገጠር ለቀን ሥራ የመጣው፣ እድርም አፎሻም የሌለውስ? እሱን ማን እንደሚቀብረው በስብሰባው ላይ በግልጽ ተነጋገሩ፣ አለበለዚያ ሁሉም ሌላው ይዞታል ብሎ ይቀራል። መዋጮ ከተሰበሰበ ሦስት ፈራሚ ያለው አካውንት ይከፈት። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ይለጠፍ።

ለቅሶው ሲበርድ ጥያቄው ይጀምር። መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? ማን ፈረመ? ከምሰሶው አጠገብ በመኪና አሸዋ ሲዛቅ ማን ዝም አለ? እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል ድልድይ በአንዲት የብረት ማያያዣ ላይ በተፈጠረ ትንሽ ስንጥቅ ምክንያት ወድቆ 46 ሰው ሞተ። የአገር አቀፍ የድልድይ ፍተሻ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል የተጠየቀ ነገር ቢሮ በር ላይ ይቀራል። ከመዝገብ ቤት ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ፣ ፎቶ አንሱት።

አዲስ ድልድይ እስኪሠራ ደግሞ ሰው በአሸዋው መውረዱ አይቀርም፣ አትከልክሉት፣ አይሰማም። ይልቅ በክረምት በሁለቱም ዳር ፊሽካ የያዘ ዘበኛ አቁሙ፣ ደመወዙን ከመዋጮው ቀንሱ። ላይ ያሉት ልጆች ሲደውሉለት ይነፋል፤ ሲነፋ ባለ ሸክሙም፣ ባለ ጋሪውም፣ ተማሪውም ዕቃውን ጥሎ ይውጣ።