የፈረስ መኖ ሲገዙ የጆንያውን አፍ አይመኑ

ሰው የተበላሸ ምግብ ሲበላ ያስመልሰውና ይገላገላል። ፈረስን አያስመልሰውም። የጨጓራው በር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ላይ ስለማይከፈት፣ አንዴ የዋጠው ነገር አንጀቱን አቋርጦ ማለፍ አለበት። ስለዚህ መኖ የሚፈተሸው ግርግም ላይ ሳይሆን ሻጩ ደጃፍ ላይ፣ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ቢሾፍቱ ያለ ባለጋሪ የሚገዛው ያው ድርቆሽ፣ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ገብስ፣ አልፎ አልፎም በቆሎና ፋጉሎ ነውና በእነዚሁ እንሂድ።

ድርቆሹ መሃሉ ይሞቃል

እስሩን ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። እጅዎን በማሰሪያው ሥር አስገብተው መሃሉን ሲዳስሱ ግን ይሞቃል ወይም ይረጥባል። ሻጩ «ፀሐይ ላይ ውሎ ነው» ሊልዎ ይችላል። ፀሐይ የምታሞቀው ውጪውን ነው፤ ውጪው ቀዝቅዞ ውስጡ ከሞቀ ነገሩ ሌላ ነው።

ምክንያቱ ሣሩ በቅጡ ሳይደርቅ መታሰሩ ነው። በደጋው ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ወጣ ሲል ስለሆነ፣ የቸኮለ አጫጅ ያልለቀቀ ዝናብ ያገኘዋል። እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ሲታሰር ሻጋታና ባክቴሪያ ውስጥ ለውስጥ ይራባሉ፣ ሙቀቱም የሚመጣው ከእነሱ ነው። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ሞቆ የበረደ ድርቆሽ ደግሞ ቡናማ ይሆንና የተቆላ ብቅል የመሰለ ደስ የሚል ሽታ ይኖረዋል። ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፈረሱም ይወደዋል፤ ጉልበት የሚሆነው ግን ከውስጡ ተቃጥሏል።

መፍትሄው፦ ሻጩ የሚያቀብልዎን ሳይሆን እርስዎ ከክምሩ መሃል የመረጡትን እስር ያስፈቱ። እምቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ሲፈታ ነጭ ወይም ግራጫ ብናኝ ቦነን ብሎ የታፈነ ቤት ሽታ ከሸተተዎ አይግዙ። የሻጋታ ብናኝ ፈረሱን ያስለዋል፤ ሲደጋገምም እስከ ዕድሜ ልኩ የማይለቀው የትንፋሽ ማጠር ይሆንበታል፤ ጋሪ ለሚጎትት ፈረስ ደግሞ ሳንባው ማለት ሥራው ነው። ብናኙ የአፈር ሽታ ብቻ ካለው የመንገድ አቧራ ነው። በዋጋው ተከራክረው ይግዙት፤ ከመስጠትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ነክረው እርጥቡን ያብሉት፤ የተረፈውን አያሳድሩ። ሻጋታን ግን ውሃ አያድነውም።

ለጭድም ያው ፍተሻ ይበቃል።

ፉርሽካው ይጓጉላል ወይም ይመራል

ክንድዎን እስከ ክርንዎ ወደ ጆንያው ይስደዱና ከታች አንድ ጭብጥ ያውጡ። ጨብጠው ይልቀቁት፦ ደህናው ፉርሽካ ወዲያው ይበተናል፣ የረጠበው የጣትዎን ምልክት ይዞ ይቀራል። ከዚያ ቆንጠር አድርገው ምላስዎ ላይ ያድርጉት። አዲሱ የዱቄት ጣዕም አለው፣ ትንሽም ይጣፍጣል፤ የከረመው ይመራል፣ የቆየ ዘይትም ይሸታል። ፉርሽካ ቅባት ስላለው ከሙሉው እህል ቀድሞ ይበላሻል። የረጠበው ግን ወይ ጣሪያ አፍስሶበታል፣ ወይ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ተረጭቶበታል።

አሸዋ ከጠረጠሩ አንድ ጭብጥ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረው ያማስሉ። ፉርሽካው ይንሳፈፋል ወይም ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አሸዋው ወዲያው ታች ይተኛል። አሸዋ በፈረስ አንጀት ውስጥ እየተጠራቀመ ቁርጠት ያመጣል። መፍትሄው ከተቻለ ከዱቄት ፋብሪካው በር መግዛትና ከጥቂት ሳምንት ፍጆታ በላይ አለማከማቸት ነው፣ ርካሽ ቢሆንም።

ገብሱ ሲነከስ ይላላል

ደረቅ ገብስ ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ እርጥቡ ይጨፈለቃል። እርግጠኛ ለመሆን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ገብሱንና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምረው ደህና አድርገው ያንቀጥቅጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ለማከማቸት አይሆንም።

ጥቂት ነቀዝ ካየ ሰው ይደነግጣል፤ አበጥረው ቶሎ ከጨረሱት ችግር የለውም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ በክረምት ጎተራ ውስጥ አንድም ነቀዝ የሌለበት ገብስ ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ከሸተተ፣ ወይም ግራጫ ዱቄት ከታየበት፣ የነቀዝ ክኒን ገብቶበት ሳይናፈስ ወጥቷል፤ ይህ ፈረስ ይገድላል። ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ እህልም መድኃኒት የታሸ ዘር ነው። በነፃ ቢሰጥዎም አይውሰዱ።

በቆሎና ፋጉሎ

እዚህ ላይ ድርድር የለም። የሻገተ በቆሎ ውስጥ የሚገኘው ፉሞኒሲን የሚባል መርዝ የፈረስን አንጎል ያበሰብሳል። የሻገተ ፋጉሎ ላይ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ሌላ የሻጋታ መርዝ ሊኖር ይችላል። «ፀሐይ ላይ አስጥቼ እሰጠዋለሁ» ወይም «ቀቅዬ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ፀሐይ ሻጋታውን ያደርቀዋል እንጂ መርዙን አታጠፋውም፣ ቅቅሉም እንደዚያው ነው። ለላም መስጠትም መውጫ አይሆንም፤ አፍላቶክሲን ወደ ወተት ይሻገራልና።

የዶሮ መኖ ትኩስ ቢሆንም ለፈረስ አይገዛም። አንዳንዱ ላይ የሚጨመረው ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት ዶሮን ሲጠብቅ የፈረስን ልብ ይገድላል።

ከገዙ በኋላ ቢያውቁትስ?

ፈረሱ አሽትቶ ከተወው አያስገድዱት፣ ጨው ነስንሰውም አያታልሉት። ከበላ በኋላ ጎኑን ዞሮ ካየ፣ መሬት ከቆፈረ፣ ከተንከባለለ ወይም ካላበው ቁርጠት ነውና መኖውን አንስተው ሐኪም ይጥሩ። ደህናውን መኖም ቢሆን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ያለማምዱት፤ አለዚያ የለውጡ ሕመም የመኖው ብልሽት ሊመስልዎ ይችላል። ከየጆንያው አንድ ጭብጥ በደረቅ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ሐኪሙ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ምን እንደበላ ነው።