በጋራ የባህር ዳርቻ ላይ የኦይስተርና የመስል እርባታ በህግ እንዴት ይመራል

ኦይስተር፣ መስልና ክላም ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባህር እንስሳት ናቸው፣ እነሱን ማርባት ከዓሳ እርባታ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ መኖ አይገዛላቸውም። ውሃ ወደ ውስጥ እየሳቡ በውስጡ ያለውን አልጌ የሚባል ደቃቅ የውሃ እጽዋት አጣርተው ነው የሚበሉት፣ አንድ ያደገ ኦይስተር ሁሉ ነገር ከተመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል። በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት የመስታወት ገንዳ ላይ ያንኑ የደፈረሰ የባህር ውሃ ሙሉና አንዱ ውስጥ ብቻ ኦይስተሮች አስቀምጡ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ኦይስተር ያለበት ገንዳ እስከ ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ይሄን ለህዝብ ስብሰባ ይዛችሁ ብትሄዱ ከብዙ ንግግር ይሻላል፣ ምክንያቱም አርቢው የያዘው ቦታ ትንሽ ቢሆንም ምግቡ የሚመጣው ሁሉም ሰው ከሚጋራው ውሃ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ባህሩን እንደ መሬት ሸንሽኖ ከማደል ነው።

ደንቡን የምታወጡ ሰዎች መጀመሪያ ካርታ ስሩ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር ከመታሰቡ በፊት። ማን መቼ በዚህ ውሃ ይጠቀማል? መረብ የሚጥለው፣ በጀልባ የሚያልፈው፣ የሚዋኘው፣ ቤቱ ዳር ላይ ያለው፣ ውሃው ሲሸሽ በእጁ ክላም የሚለቅመው፣ ከጥንት ጀምሮ መብት ያለው ነባር ህዝብ ሁሉም ካርታው ላይ ይግቡ። ቢሮ ቁጭ ብሎ የተሰራ ካርታ ግን አይበቃም፣ ውሃው ሲሸሽ በእግር ሂዱበት፣ በተለያየ ወቅት ሂዱበት፣ በክረምት ብቻ የሚመጣ አስጋሪ በበጋ ሄዳችሁ አታገኙትም። ኒውዚላንድ ማመልከቻ በዝቶባት እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማ ነበር፣ ከዛ በ2004 በወጣ ህግ ነው ነባሩ የማኦሪ ህዝብ ከእርባታ ቦታው 20 በመቶ ድርሻ እንዲያገኝ የተደረገው፣ ያውም ከ1992 ጀምሮ የተሰጠውን ቦታ ወደ ኋላ ቆጥሮ። ቀድሞ ቢታሰብበት ይሄ ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ ባህረ ሰላጤው ስንት እንስሳ ይችላል የሚለውን መለካት። ባለሙያዎች ሶስት ጊዜዎችን ያወዳድራሉ፣ ውሃው በባህሩ መሙላትና መጉደል ተቀይሮ ለማለቅ ስንት ቀን ይፈጅበታል፣ አልጌው ራሱን ለመተካትስ፣ እንስሶቹ ደሞ ሙሉውን ውሃ አጣርተው ለመጨረስ ስንት ቀን ይወስድባቸዋል። እንስሶቹ ከሁለቱም ከቀደሙ ምግቡ እያለቀ ነው ማለት ነው፣ እድገታቸው ይዘገያል፣ ዛጎሉ ትልቅ ሆኖ ስትከፍቱት ውስጡ ያለው ስጋ የከሳ ይሆናል፣ የሚጎዳው ደሞ አርቢው ብቻ ሳይሆን ያንኑ አልጌ የሚበላ የዱር እንስሳ ሁሉ ነው። ስለዚ ገደቡን በሄክታር ብቻ አታስቀምጡ፣ በእንስሳ ብዛት ወይም በገመድ ቁጥር አድርጉት። ስፔን ጋሊሺያ ውስጥ መስል የሚንጠለጠልበት ተንሳፋፊ ርብራብ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ በአንዱ ላይ የሚንጠለጠለው ገመድም ቢበዛ 500 ነው፣ ርዝመቱም 12 ሜትር፣ ይሄ ማንም ጀልባ ላይ ቆሞ ቆጥሮ የሚያረጋግጠው ህግ ስለሆነ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ከታሰበው ሲሶውን ብቻ ፍቀዱና ለሁለት ሶስት አመት ተከታተሉ።

ክትትሉ ላይ ከርብራቡ ስር ያለውን ጭቃ አትርሱ። የእንስሶቹ ኩስ እዛ ነው የሚወርደው፣ ውሃው በደንብ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ከሆነ ይበተናል፣ ካልሆነ ይከማቻል። ጭቃውን ዘግናችሁ ስታወጡት ጥቁር ከሆነና የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ኦክስጅን አልቆ ነው፣ ቦታው እረፍት ይፈልጋል። የባህር ሳር የበቀለበት ቦታ ላይ ደሞ ከመጀመሪያውም አትፍቀዱ፣ የትንንሽ ዓሳ ማደጊያ ነው።

ቀጥሎ የውሃው ንጽህና። ብዙ ሰው ኦይስተርን በጥሬው ስለሚበላ ውሃው ውስጥ የገባ ፍሳሽ በቀጥታ ሰው ሆድ ይገባል። የአውሮፓ ህብረት የማምረቻ ቦታዎችን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይመድባል፣ ኤ ለመባል ከናሙናው 80 በመቶው በ100 ግራም ስጋ ከ230 ኢ ኮላይ (ፍሳሽ መግባቱን የሚያሳይ የአንጀት ባክቴሪያ) ማለፍ የለበትም፣ ከቢ የወጣው ግን ንጹህ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሳይጠራ ወይም በሙቀት ሳይታከም ለሰው ምግብ አይቀርብም። ችግሩ ማጥራቱ ባክቴሪያን ጥሩ አድርጎ ቢቀንስም ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ እምብዛም አያስወጣም፣ ስለዚ ላይ ያለው ከተማ ፍሳሹን እየለቀቀ አርቢውን ብቻ መቆጣጠር ፍትሃዊ አይደለም፣ ዋጋም የለው። የፍሳሽ ማጣሪያው ሃላፊ ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

አሁን የመዝጊያው ህግ፣ መርዝ ሲገኝ ከቦታው መልቀም የሚከለከልበት ማለት ነው፣ እዚህ ላይ እባካችሁ እንዳትለሳለሱ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት አካባቢ የተመረተ መስል በልተው ከ100 በላይ ሰዎች ታመው ሰዎችም ሞተዋል፣ ከተረፉትም የማስታወስ ችሎታቸው የተጎዳ ነበሩ። ምክንያቱ ዶሞይክ አሲድ የሚባል ከአልጌ የሚመጣ መርዝ ነው፣ ሽታም ጣዕምም አይቀይርም፣ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ዛሬ ገደቡ በብዙ ቦታ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፣ ሰውነት ሽባ የሚያደርገው የሳክሲቶክሲን መርዝ ደሞ በኪሎ 800 ማይክሮግራም። ቁጥሩን ህጉ ውስጥ ጻፉት፣ ላብራቶሪው ያንን ቁጥር ካገኘ ቦታው በዛው ሰዓት ራሱ በራሱ የተዘጋ ይሁን፣ ማንም ስብሰባ መጥራት ማንም ፊርማ መጠበቅ የለበትም፣ አለበለዚያ በገበያ ሰሞን ለመዝጋት የሚደፍር ሃላፊ አይገኝም። እንዴት እንደሚከፈትም አብራችሁ ጻፉ፣ ለምሳሌ በተከታታይ በተወሰዱ ናሙናዎች ንጹህ ከሆነ ብላችሁ። ከባድ ዝናብ ሲጥልም ቦታው እንዲሁ ይዘጋ። እያንዳንዱ ጆንያ ደሞ የት መቼ እንደተለቀመ የሚናገር ታግ (የተንጠለጠለ መለያ ወረቀት) ይኑረው፣ አሜሪካ ውስጥ ሻጩ ያንን ታግ 90 ቀን ማስቀመጥ አለበት፣ ሰው ከታመመ ወደ ቦታው የሚመልሳችሁ እሱ ነው።

ሊዙን በደረጃ ስጡ። አሜሪካ ሜን ግዛት ውስጥ ጀማሪ ሰው 37 ካሬ ሜትር ገደማ በምትሆን ቦታ ላይ በየአመቱ በሚታደስ ፈቃድ ይጀምራል፣ ከዛ ለሙከራ እስከ 1.6 ሄክታር ለ3 አመት፣ ትልቁ እስከ 40 ሄክታር ለ20 አመት ይደርሳል፣ ለትልቁ ሊዝ የህዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ ሊጠራ ይችላል፣ ጎረቤት፣ አስጋሪና ጀልባ ነጂ እዛ ይናገራል። ውል ላይ መግባት ያለባቸው፣ አርቢው ጥሎ ቢጠፋ እቃው የሚነሳበት ገንዘብ አስቀድሞ ይያዝ፣ ጥጉ በቢጫ ተንሳፋፊ ምልክት ይለይ፣ ኬጅና ገመዱ ላይ የባለቤቱ ቁጥር ይጻፍ፣ ከማዕበል በኋላ የተበተነውን በስንት ቀን እንደሚሰበስብ ይወሰን፣ ሳይሰራበት የተያዘ ቦታም ይመለስ።

ዘር፣ ማለትም ለማርባት የሚገባው ግልገል፣ ከሌላ ባህር ሲመጣ ያለ ጤና ሰርተፍኬት አይግባ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ የሄርፐስ አይነት ቫይረስ ግልገል ኦይስተሮችን በጅምላ ጨርሷል፣ አንዴ ክፍት ውሃ ውስጥ ከገባ ደሞ ማስወጫ የለውም።

ሊዙ ሲያልቅ በራሱ እንዲታደስ አታድርጉ፣ መጀመሪያ የሰራችሁትን ካርታና የየአመቱን የጭቃና የእድገት ልኬት አውጡና ከአርቢውም ከአስጋሪዎቹም ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ እዩት፣ የገመዱን ቁጥር ከዛ በኋላ ወስኑ።