ደሙን ማን ይጠርገዋል? አስፈሪ ኮሜዲ ሙዚቃዊ ቴአትር ስትሠሩ የማትደግሟቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ትንሽ ቡድን ልምምዱን እንዳይለት ጋበዘኝ። ጭራቅ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ሬሳ አለ፣ ሳቅ አለ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ግን ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያቺን የማውቃትን ስህተት ሳያት "ኧረ በሕግ!" ልል ምንም አልቀረኝም። በእንግድነቴ ዝም አልኩ። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስህተቷ ይቺ ናት፦ ተዋናዩ ኮሜዲ ውስጥ እንዳለ ማወቁ። ጭራቁ ብቅ ይላል፣ ልጅቷ ትጮኻለች፣ ግን አንድ ዓይኗ ተመልካቹ ላይ ነው። ፊቷ "አያችሁልኝ ስቀልድ?" ይላል። ተመልካቹም ለይሉኝታ ፈገግ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አይፈራም። የሚፈራ ከሌለ ደግሞ የሚስቅም የለም፣ ምክንያቱም በዚህ ዓይነት ሥራ ሳቁ የሚወጣው ከፍርሃቱ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ የነበረ ሰው ነው ድንገት የሚፈነዳው። ጎረቤቱ ዓይኑ እያየ በጭራቅ እየተበላ "ይቅርታ፣ ቀጠሮ አለኝ" ብሎ ኮፍያውን የሚፈልግ ሰው ያስቃል። የሚያስቀው ግን ኮፍያውን ከልቡ ሲፈልገው ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ወንበር ሥር ጎንበስ ብሎ፣ እውነት ኮፍያው ጠፍቶበት። እያሾፈ ከፈለገው ሞተ።

ይህ የእኔ ፈሊጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ትንሽ ቴአትር ቤት የጀመረው "ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ" ደም ስለምትጠጣ ተክል የሚያወራ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ጸሐፊው ሃዋርድ አሽማን ሥራውን ለሚያዘጋጁ ሰዎች የተወው ማሳሰቢያ ሐሳቡ አጭር ነው፦ ቀልዱን ጽሑፉ ራሱ ይዞታል፣ ተዋናዩ ባይጨምርበት ይሻላል። እኔ መድኃኒቱን ያገኘሁት በልምምድ ነው። ከጠቅላላው ልምምድ አንዱን ሙሉ ቀን መሳቅም ማሳቅም ክልክል አደርጋለሁ። ሁሉም እንደ ንጹሕ ሰቆቃ ይጫወተዋል። መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። ከዚያ ከዳር ተቀምጦ የሚያየው የመብራት ባለሙያ መሳቅ ሲጀምር ይገባቸዋል።

እኔም ይህን ኃጢአት ሠርቻለሁ፣ አልክድም። ጀማሪ ሳለሁ ሬሳ ሆኜ ተጋድሜ አንድ ዓይኔን ገለጥኩና ተመልካቹን ጠቀስኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሰማይ የነካሁ መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ እናቴን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት መጥታ ሬሳዬ ላይ የሐዘን ዘፈኗን ጀመረች። ማን ይስማት? ሁሉም ዓይኔን ነው የሚያየው፣ ደግሞ መቼ ይጠቅስ ይሆን እያለ። ሦስት ወር የለፋችበትን ዘፈን ገደልኩባት። ከመድረክ ጀርባ ስንገናኝ ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሺ፣ ደም። ስለ ደም ብዙ እላለሁ፣ ብዙ ጠርጌያለሁና።

አዲስ ቡድን የሚጠይቀው "ከምን እንሥራው?" ብሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ማን ይጠርገዋል? በየትኛው ዘፈን ላይ?" የሚለው ነው። የስኳር ሽሮፕና የምግብ ቀለም መብራት ሲያርፍበት ያምራል። ወለል ላይ ግን እርጥቡ እንደ ቅባት ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ እናንተ ደግሞ በላዩ ላይ ስድስት ሰው ልታስጨፍሩ ነው። ስለዚህ ደሙ የሚፈስበትን ቦታ ወስኑ። የሚነጠፍ ነገር ይኑርና ከሬሳው ጋር ተጠቅልሎ ይውጣ። ካልሆነ ጠራጊውን ገጸ ባሕሪ አድርጉት፤ እኛ መጥረጊያ የያዘች ዝምተኛ ሠራተኛ ፈጥረን ከዋናው ተዋናይ በላይ ተጨበጨበላት። ልብሱንም ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሳትሞክሩ እንዳትረጩበት። ነጭ ሸሚዝ ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ያስፈልገዋል፤ የዛሬው ታጥቦ ለነገ ላይደርቅ ይችላል።

ደግሞ የአፍ ደምና የልብስ ደም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ አይቀመጡም! የልብሱ ደም ውስጥ በቀላሉ እንዲለቅ ፈሳሽ ሳሙና እንጨምራለን። አንድ ምሽት ቫምፓየራችን ተሳስቶ እሱን ጎነጨ። ወዲያው ተፋው፣ ግን የፍቅር ዘፈኑ ተጀምሯል፣ መውጫ የለም። "ፍቅሬ" ባለ ቁጥር ከከንፈሩ አረፋ ይነሳል። "ፍቅሬ" ደግሞ አዝማቹ ላይ ነው። ተመልካቹ በደስታ አበደ። በማግስቱ ጓደኛ ይዞ የመጣ ሰው አረፋው ቀርቶ ሲያይ ቅር አለው። ከዚያ ወዲህ የአፉ በቀይ ክዳን፣ የልብሱ በጥቁር ክዳን ነው። የአፉን ከማቀላቀላችሁ በፊት ደግሞ አለርጂ ያለበት ሰው እንዳለ ጠይቁ።

ቀጥሎ ጭራቁን በመጨረሻው ሳምንት ማምጣት። ሠሪው "ይደርሳል" ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ይደርሳል። ግን በበር አይገባም። ቢገባም ውስጡ ያለው ሰው አያይም፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሁለት ዘፈን ሳይሞላው ክንዱ ይዝላል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መጠኑና ክብደቱ የተቀራረበ የካርቶን ምትክ ይኑራችሁ። የሊትል ሾፕ ተክል ድምፅ የሚመጣው ከእይታ ውጭ ካለ ዘፋኝ ነው፣ አሻንጉሊቷን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ነው። የእናንተም እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች አብረው መተንፈስ እስኪለምዱ ይለማመዱ። ጀማሪ አንቀሳቃሽ ቃሉን ይነክሰዋል፤ ድምፁ ሲወጣ የአሻንጉሊቱን አፍ ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ተገላቢጦሽ ነው። ጭራቁ "ና" ብሎ ድምፁን ከሳበው አፉ ድምፁ እስኪያልቅ ተከፍቶ ይቆይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይገጠም። ይህቺን ብቻ ብታስተካክሉ የስፖንጅ አሻንጉሊታችሁ ነፍስ ይዘራል።

ጭስ ላይ ቀልድ የለም። ደረቅ በረዶ የሚሉት የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መሬት ለመሬት የሚሳበው ጉም ያምራል፣ ግን ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ዝቅ ባለ ቦታ ይጠራቀማል፣ አየሩንም ይገፋዋል። ዝቅ ብሎ ያለው ማን ነው? ወለሉ ላይ የተጋደመው ሬሳችሁ ነው። ከመድረኩ በታች የተቀመጠው ባንዳችሁም ነው። አየር በደንብ የማይዘዋወርበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እኔ አልጠቀመውም፣ አለቀ። የጭስ ማሽን ስትጠቀሙም የእሳት ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ አስቀድማችሁ ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ። በራሳችሁ ሥልጣን አትንቀሉት። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለም መግቢያው ላይ በትልቁ ጻፉ፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመቀመጡ በፊት ይወቅ።

ድምፅ። ገንዘባችሁ ለጭንብልና ለማይክ የማይበቃ ከሆነ ማይኩን ግዙ። ግማሹ ቀልድ ዘፈኑ ግጥም ውስጥ ነው፣ ግጥሙ ካልተሰማ ቀልዱም የለም። አፍ የሚሸፍን ጭንብል ለሚዘፍን ሰው አታልብሱ። ማይኩን ደም ከማይደርስበት ከፀጉር ሥር ለጥፉት።

ጩኸትን በልምምድ ሁሉ በሙሉ ኃይል ማስጮህም አለ። ልጅቷ አራት ጊዜ ጮኻ ከዚያ ትልቁን ዘፈን ልትዘፍን ነው፤ ጉሮሮዋ ብረት አይደለም። በልምምድ ምልክት ብቻ ታሳይ። በትርኢቱም አንዱን ጩኸት ከመጋረጃ ጀርባ ሌላ ሰው ቢጮህላት ማንም አያውቅም።

ተመልካቹ እየሳቀ በላዩ ላይ መናገር። አትናገሩ። ባንዱም ሳቁ እስኪበርድ አንድ ሐረግ እየደጋገመ የሚጠብቅበት ቦታ ከወዲሁ ይዘጋጅለት።

የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ፈቃዱን ተዋናይ ከመምረጣችሁ በፊት ጨርሱ። ግጥም መቀየርም ዘፈን መቁረጥም በፈቃድ ነው።

ትልቅ ለመምሰል መጋጋጥም ያናድደኛል። "ሮኪ ሆረር ሾው" የተባለው ሌላው አስፈሪ ኮሜዲ ሙዚቃዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ውስጥ ሲጀምር የታየው 63 መቀመጫ ባላት የፎቅ ክፍል ውስጥ ነበር። ጭራቁ ከተመልካቹ ጉልበት በአንድ ክንድ ርቀት ሲያልፍ የሚፈጠረውን ነገር ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ አይሰጣችሁም። እናንተ ግን ጠባቧን መድረክ በተራራና በቤተ መንግሥት ሞልታችሁ ተዋናዩ በጎኑ እየሄደ ይገባል። አንድ በር ይበቃል። ማንም ያልነካው በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ማየት ነው የሚያስፈራው።

አንዲት ነገር ልትረሳኝ ነበር። መጨረሻ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ተመልካቹን እጅ ስትነሱ ከመጋረጃው ጀርባ እርጥብ ፎጣ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። እኛ ፎጣውን ረስተን ሽሮፑ መዳፋችን ላይ ደረቀ። አጎነበስን፣ ቀና አልን፣ ተጨበጨበልን። መጋረጃው ተዘጋ። እኔና ጭራቁ ግን አልተላቀቅንም።