ትሉን ከመጨፍለቃችሁ በፊት እግሩን ቁጠሩ

ባቄላዬ ላይ መጀመሪያ የገደልኩት ተባይ፣ ተባይ አልነበረም። ጠቆር ያለ፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ ቆዳው ሸካራ፣ ሲታይ የአዞ ግልገል የሚመስል ነገር ነው። ሰባት ስምንት ሆነው ቅጠሉ ላይ ሲርመሰመሱ አየሁና አንድ በአንድ በጣቴ ጨፈለቅኳቸው። በሥራዬም ኮራሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባቄላው ከጫፉ እስከ ግንዱ ክሽክሽ በሚባሉ ጥቃቅን ጥቁር ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ተሸፈነ። ለካ የጨረስኳቸው የዚያች ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽዬ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። ሥራቸው ክሽክሽ መብላት ነው። እናትየዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጆቿ እሷን እንደማይመስሉ ግን ማንም አልነገረኝም።

ነፍሳትን በወጉ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ተመራማሪ አይደለሁም። ጓሮዬን፣ ማስታወሻ ደብተሬንና አንድ አጉሊ መነፅር ይዤ የቀጠልኩ ሰው ነኝ። እዚህ የምጽፈው እኔ የተሳሳትኩትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

መጀመሪያ ስም አትፈልጉ። በሳይንስ ስም የወጣላቸው ነፍሳት ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጥንዚዛዎቹ ብቻ ከ350,000 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ከዳር ልጀምር ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። ይልቅ አንድ ተክል ምረጡ። ጥቅል ጎመን ይሁን፣ በቆሎ ይሁን፣ ቲማቲም ይሁን፣ ብቻ በየቀኑ የምታልፉበት ይሁን። አንድ ሰብል በአንድ አካባቢ በእውነት የሚያስቸግሩት ተባዮች ብዙ ጊዜ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት አይበልጡም። እነሱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ተክሉ ጋ ስትደርሱም ነፍሳቱን ከመፈለጋችሁ በፊት ጉዳቱን እዩ። ጉዳቱ የአፍ አሻራ ነው። ቅጠሉ ተቦድሶ ከሆነ የበላው የሚያኝክ አፍ አለው ማለት ነው፤ ትል፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ። ቅጠሉ ሳይጎድል ከተጠቀለለ፣ ቢጫ ከሆነ፣ ሲነኩት ከተጣበቀ ደግሞ እንደ መርፌ ባለ አፍ የሚመጥ ነገር አለ። የሚያጣብቀው ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚጥሉት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ጥላሸት የመሰለው ጥቁር ነገር በዚያ ላይ የሚያድግ ሻጋታ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ሻጋታውን ራሱን በሽታ ነው ብዬ ስጠርገው ኖሬያለሁ። ቅጠሉ እንደ ብር ነጣ ብሎ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉበት ትሪፕስ የሚባሉትን ደቃቃ ነፍሳት ጠርጥሩ፤ ነጥቦቹ ኩሱ ናቸው። ቅጠሉ ውስጥ እንደ ክር የተጠማዘዘ ነጭ መስመር ካያችሁ የዝንብ እጭ ነው የሄደበት። ቲማቲም ላይ መስመሩ ቀጭን መሆኑ ቀርቶ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ሰፊ ንጣፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት ራት ትል።

ችግኝ ከሥሩ ተቆርጦ ተኝቶ ካገኛችሁት ቆራጩን ቀን ላይ ተክሉ ላይ አትፈልጉት። ቆራጩ ትል ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ባትሪ ይዛችሁ ማታ ውጡ፣ ወይም ከተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ። ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተበላ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ሁሉ በላተኛ አይደለም። አንዱ ሊያርፍ መጥቷል፣ አንዱ በላተኛውን ሊበላ መጥቷል። ሲበላ በዓይናችሁ እስካላያችሁት ድረስ ደብተራችሁ ላይ "በላ" ብላችሁ አትጻፉ፤ "ቅጠሉ ላይ ነበር" በሉ።

አሁን ወደ እግሩ። ስድስት እግር ካለው ነፍሳት ነው። ስምንት ከሆነ ሸረሪት ወይም የሸረሪት ዘመድ ነው። ቅጠል ሥር ድር እየሠሩ የሚመጡት ጥቃቅን ቀይ ሸረሪቶች ከነዚህ ናቸው፤ ስለዚህ ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይነካቸውም። ትል ላይ ስትደርሱ ቆጠራው ይጠነክራል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። የእሳት ራትና የቢራቢሮ ትል ከራሱ አጠገብ ሦስት ጥንድ እውነተኛ እግር አለው። ከዚያ ወደ ኋላ ሥጋ የመሰሉ፣ ለመጨበጥ ብቻ የሚያገለግሉ እግሮች ይከተላሉ፤ እነዚህ ከአምስት ጥንድ አይበልጡም። ስድስትና ከዚያ በላይ ጥንድ ከቆጠራችሁ የያዛችሁት የእሳት ራት ልጅ አይደለም። የተርብ ዘመድ ነው፤ እንደ መጋዝ ባለ ነገር ቅጠል ሰንጥቃ እንቁላል የምትጥለው። ጣጣው ምንድን ነው? ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ያለበት፣ ለእሳት ራት ትል ተብሎ የሚዘጋጀው መድኃኒት ይህኛውን አይገድለውም። አንድ ጎረቤቴ ሦስት ጊዜ ረጭቶ "መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው" ሲል ትሉን ተቀብዬ እግሩን ቆጠርኩለት። ሰባት ጥንድ።

ጭራሽ እግር የሌለው ትል ከሆነ ራሱን ፈልጉ። ጠንካራ ቡናማ ራስ ካለው የነቀዝ እጭ ሊሆን ይችላል። ራሱ ከየት እንደሚጀምር የማይታወቅ፣ ወደ ፊት እየሾለ የሚሄድ ከሆነ የዝንብ ነው።

ክንፍ ያለውን ለመለየት ደግሞ ክንፉን ቁጠሩ። ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ አለው፤ ንብና ተርብ አራት። አበባ ላይ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ለብሶ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ስታዩ አትሽሹ። ሁለት ክንፍና ትላልቅ ዓይን ካለው ንብ መስሎ የሚኖር ዝንብ ነው። አይናደፍም፤ የብዙዎቹ ልጆችም ክሽክሽ ይበላሉ። ክሽክሽን ለማወቅ ከኋላ ጀርባው ላይ ሁለት ቱቦ ፈልጉ፤ የመኪና ጭስ ማውጫ ይመስላል። ክሽክሽ ቶሎ የሚበዛው እንስቷ ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ በቀጥታ ልጅ ስለምትወልድ ነው። ሲሞቅ ልጂቱ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ራሷ እናት ትሆናለች። ዛሬ አምስት አይታችሁ "ችግር የለውም" ካላችሁ የሚቀጥለው ሳምንት ይታዘባችኋል።

አጉሊ መነፅር ሲባል ትልቁን የንባብ መነፅር አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ፣ ታጣፊ፣ ኪስ የሚገባ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው መነፅሩን ነፍሳቱ ላይ ይደግንና ከሩቅ ያያል። መነፅሩ ዓይናችሁ ላይ ይለጠፍ፤ የምታዩትን ነገር ወደ እሱ አምጡ። ከዚህ ሌላ ነጭ ሳህን፣ ዱላና ቢጫ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃል። ነጩን ሳህን ቅርንጫፍ ሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉት፤ የሚወድቀው ብዛት ያስደነግጣችኋል። ቢጫው ውስጥ ውኃና ጠብታ ሳሙና አድርጋችሁ መሬት ላይ ተዉት። ቢጫ ቀለም ክሽክሽንም፣ ነጭ ዝንብንም፣ ትናንሽ ተርቦችንም ይጠራል፤ ሳሙናው እንዲሰምጡ ያደርጋል። ብቻ ቢጫ ሳህን የጠራው ሁሉ የእናንተን ተክል የሚበላ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን ማርባት ነው። ትንሽ ትል በፎቶ መለየት ከባድ ነው፤ ባለሙያም ይቸገራል። በቆሎ የሚያጠቃውን መጤ ተምች ውሰዱ። ያደገው ትል ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። ከጭራው ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ገና የተፈለፈለው ላይ ግን ይህ ሁሉ በደንብ አይታይም። መፍትሔው ማሳደግ ነው። የጠርሙስ ብልቃጥ፣ አፉ ላይ በላስቲክ የታሰረ ስስ ጨርቅ፣ ታች ለስላሳ ወረቀት። ምግቡ ያገኛችሁበት ያው ተክል ብቻ ነው። ኩሱን በየቀኑ ጥረጉ፣ ቅጠሉን ቀይሩ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ለፑፓ፣ ማለትም ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተኝቶ ለሚለወጥበት ደረጃ፣ አፈር የሚፈልጉ ስላሉ ሲያድግ ሁለት ሦስት ጣት የሚሆን እርጥብ አፈር ጨምሩ። አንድ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ትል። እኔ ስድስት ተምች አንድ ላይ አስገብቼ ጠዋት ሁለት ነው ያገኘሁት። ይበላላሉ።

የተገኘበትን፣ ቆዳ የቀየረበትን፣ ፑፓ የሆነበትን፣ የወጣበትን ቀን ጻፉ። የመጤው ተምች ሙሉ ዑደት ሲሞቅ 30 ቀን ገደማ ነው፤ ሲቀዘቅዝ 60 ቀንና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በእናንተ አካባቢ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚነግራችሁ ብልቃጣችሁ ነው።

አንዳንዴ ከብልቃጡ የሚወጣው ያስገባችሁት አይሆንም። የጎመን ቢራቢሮ ትል አሳድጌ አንድ ቀን ጠዋት ከሥሩ ቢጫ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ተደርድረው አገኘሁ። "እንቁላል ጣለ!" ብዬ ለሁሉም ሰው ተናገርኩ። ትል እንቁላል አይጥልም፤ ልጅ ነው። ትንሽ ተርብ ትሉ ሆድ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ፣ ልጆቿ ከውስጥ በልተውት ወጥተው፣ ድራቸውን ፈትለው መተኛታቸው ነው። ከሳምንት በኋላ ብልቃጡ ትንኝ በሚያካክሉ ጥቁር ተርቦች ተሞላ። እነዚያን ቢጫ ድሮች ማሳ ላይ ካያችሁ አትንኩ። ያበጠና የደረቀ፣ ቡናማ ክሽክሽም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ተርብ አለ።

ለማስቀመጥ ስትፈልጉ፣ ጠንካራውን ነፍሳት ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ በመርፌ ውጉት። ጥንዚዛ በቀኝ ክንፉ ሽፋን በኩል ይወጋል፤ መሃሉ እንዳይበላሽ ነው። ለስላሳው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል። ትልን ግን በቀጥታ አልኮል ውስጥ አትክተቱ። የመጀመሪያ ዓመት ስብስቤ በሙሉ ከሰል የመሰለው በዚህ ነው። ሊፈላ የደረሰ ውኃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ ከዚያ ወደ አልኮሉ። አረንጓዴው ቀለም እንደሆነ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት፣ ከማስመሪያ ጋር። መለያ ወረቀቱ ላይ ቦታ፣ ቀን፣ የተገኘበት ተክልና የሰብሳቢው ስም ይኑር። በእርሳስ ጻፉት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ ውጭ የተለጠፈም ይወልቃል።

ስም የምትፈልጉት አሁን ነው። የስልክ መተግበሪያ ፎቶ አይቶ ስም ይሰጣችኋል፤ እንደ ጥቆማ ውሰዱት። ለእኔ አንዴ በክፍለ ዓለሙ ሁሉ የማይኖር ጥንዚዛ ስም ሰጥቶኛል። የተሰጣችሁን ስም በአካባቢያችሁ ከሚታወቁት ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ ተክሉና ወቅቱም ይስማማ እንደሆነ እዩ። ዝርያውን ሳታውቁ ቤተሰቡ ላይ፣ ማለትም ተዛማጅ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን ላይ፣ ደርሳችሁ መቆም ነውር አይደለም። ሊቃውንቱም ይሳሳታሉ። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተብለው ሁለት ስም የነበራቸው አንበጦች፣ አንዱ ብቻውን ሲኖር፣ ሌላው በመንጋ ሲሆን የሚታይ አንድ ዝርያ መሆናቸውን የአንበጣ ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ የጻፈው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ቀለሙንና መልኩን የለወጠው መጨናነቁ ነበር።

ዝርዝር ውስጥ የለም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ቱታ አብሶሉታ የደቡብ አሜሪካ ነበረች፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ተገኘች። መጤው ተምች ከአሜሪካ አህጉር ውጭ አይታወቅም ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ መግባቱ ተረጋገጠ። እንግዳ ነገር አገኘሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በሕይወት እያለ ከቦታ ቦታ አታጓጉዙት። ግደሉት፣ አልኮል ውስጥ አድርጉት፣ የዕፅዋት ጤና ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ያሳደጋችሁትንም ካገኛችሁበት ቦታ ሌላ አትልቀቁት።

ለባለሙያ ስትልኩ አንድ የደበዘዘ ፎቶና "ይሄ ምንድን ነው?" ብቻ አትላኩ። እኔ እንደዚያ ልኬ ለሦስት ወር መልስ አላገኘሁም። በሁለተኛው ላይ አራት ፎቶ፣ የተበላው ቅጠል፣ ተክሉ፣ ቀኑ፣ ርዝመቱ በሚሊሜትር፣ እግሩ ስንት ጥንድ እንደሆነና ብልቃጥ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየ ጻፍኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ።