የስኮፕ ቀለበት ስትገዙ ቁመቱን ለኩ
ለአደን ጠመንጃችሁ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ልትገጥሙ ከሆነ እባካችሁ ስኮፑን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት በግምት አትግዙ። ዕቃው ላይ «ዝቅተኛ» ወይም «መካከለኛ» ተብሎ የሚጻፈው ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ስለዚህ ሚሊሜትሩን እዩ። አንዱ አምራች እስከ ስኮፑ ቱቦ መሃል ይለካል፣ ሌላው እስከ ቱቦው ስር፣ በ30 ሚሊሜትር ቱቦ ላይ ይሄ የ15 ሚሊሜትር ልዩነት ነው!

ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጡና የስኮፑን የፊት ጫፍ ከውጭ ለኩ። ስኮፑ ላይ 50 ተብሎ የሚጻፈው የፊት መስታወቱ ስፋት ብቻ ነው፤ ከነብረቱ 57 ሚሊሜትር ቢሆን ግማሹ 28.5 ነው፣ ለክዳንና ለክፍተት 4 ጨምሩበት፣ ሐዲዱ (ቀለበቱ የሚታሰርበት ብረት) ከበርሜሉ አናት 8 ከፍ ካለ ደግሞ እሱን ቀንሱ። ከሐዲዱ እስከ ቱቦው መሃል ቢያንስ 24.5 ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ብዙ አትለፉ። ስኮፑ በጣም ከፍ ሲል ጉንጭ ከሰደፉ ይነሳል፣ አተኳኮሱም ይበላሻል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን አሳርፉ፣ ከዚያ ክፈቱ፤ ምስሉ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት። የመቀርቀሪያው እጀታ ስኮፑን እንዳይነካም ስባችሁ ሞክሩ። ኤአር-15 የሚባለው ጠመንጃ ግን ሰደፉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከፍታ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ወደ 38 ሚሊሜትር ይጠቀማል።