ጊቢ ውስጥ በህይወት ያሉ ዜማ ደራሲዎችን ሰብስቦ አዲስ ስራ ማሰማት፣ ከየት ይጀመራል?

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያላችሁ ልጆች የአዲስ ሙዚቃ መድረክ እናዘጋጅ ብላችሁ ከተነሳችሁ ይቺ ለናንተ ናት። ያው ስለ ሙዚቃ የሚደረግ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ወረቀት ይነበባል፣ ፓወርፖይንት ይታያል፣ ስለሞቱ ትላልቅ ሰዎች ይወራል፣ ሙዚቃው ግን ምሳ ሰዓት ላይ ለማጀቢያ ይመጣል። በህይወት ያለ ደራሲ ስትጠሩ ግን ሰውየው እዛው ተቀምጦ "እዚጋ ለምን ዝም አስባልከው?" ሊባል ይችላል፣ የዚ ፕሮግራም ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ እሱን እንዲያግዝ አድርጋችሁ ስሩት።

ስለዚ መጀመሪያ ማን እንደሚጠራ ወስኑ። ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጠራው ሙላቱ አስታጥቄንና ግርማ ይፍራሸዋን ነው፣ ጥሩ ነው ጻፉላቸው፣ በተለይ የግርማ መንገድ (በክራር ጀምሮ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምሮ፣ ከዛ ሶፊያ ቡልጋሪያ ሄዶ ተምሮ የመጣ) ለተማሪ ብዙ ነገር ያሳያል። ግን ፕሮግራሙን በትልቅ ስም ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት፣ ሰውየው ካልተመቸው ባዶ መድረክ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከያሬድ የሚመረቁ ወጣቶች አሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው በላፕቶፕ የሚሰሩ አሉ፣ እነሱ የሚያሰማቸው መድረክ ነው የሚፈልጉት። አንዱ ኮሚቴ ደሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እናቅርብ ማለቱ አይቀርም፣ እኔም በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ግን እማሆይ በ2015 አርፈዋል፣ አንድ ማታ ለመታሰቢያ ስጧቸውና ዋናውን ሰዓት መልስ መስጠት ለሚችል ሰው ተዉለት።

አዝማሪስ? ይሄን በደንብ ያዙልኝ። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ ተወልዶ በማሲንቆ ያደገ ሰው እዚው አፍንጫችን ስር እያለ እሱን ለእራት ፕሮግራም ማድመቂያ ብቻ መጥራት ነውር ነው። ግጥሙን ሰው እያየ እዛው የሚፈጥር፣ ዜማውን እንደ ታዳሚው የሚያጥፍ ሰው ደራሲ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ፓናሉ ላይ ወንበር ይኑረው፣ ክፍያውም ከአዲስ አበባ ከመጣው እኩል ይሁን። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ልካችሁ ግን አትጠብቁ፣ የሚያውቃቸውን ሰው ይዛችሁ በአካል ሂዱ፣ ጋሼ ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጥታችሁ አውሩ፣ የሚጠየቁትን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁዳዴ ላይ አታድርጉት፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሰቅሏል፣ ዘፈን የሚጫወት ልጅም እሺ አይላችሁም፣ እንደዛ ከሆነ በገና ብቻ የሚደረደርበት ምሽት ነው የሚያዋጣው፣ እሱም ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ክረምት ላይ ተማሪ የለም። ህዳርና ታህሳስ ውርጩን እናንተው ታውቁታላችሁ። ለኔ የሚሻለው ከፋሲካ በኋላ ፈተና ሳይደርስ ያለው ጊዜ ነው፣ ግን ያኔ ሰርግ ስለሚበዛ ቅዳሜና እሁድ ተጫዋች አታገኙም፣ ሐሙስና አርብ አድርጉት። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አርብ ቀንም ፆም የለም፣ የምሳ ሜኑ ላይ አትጨቃጨቁም ማለት ነው (ኮሚቴ ውስጥ የነበረ ሰው ይቺን ያውቃታል)።

ደራሲዎች አዲስ የሙዚቃ ስራ እንዲልኩ የምትጠይቁበት ማስታወቂያ አጭርና ግልጽ ይሁን። ያላችሁን ተጫዋች ጻፉ፣ ለምሳሌ አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ ከበሮና ኪቦርድ፣ ደረጃቸውንም አትዋሹ፣ ክራር የምትጫወተው የሁለተኛ አመት ተማሪ ከሆነች እሱኑ ጻፉ። ከ8 ደቂቃ አይብለጥ በሉ፣ ረጅም ስራ ለማለማመድ ጊዜ የላችሁም። ኖታ ብቻ አትጠይቁ፣ ኖታ የማይጽፍ ጎበዝ ደራሲ ብዙ ነው፣ በስልክ የተቀዳም ተቀበሉ። ስታዳምጡ የደራሲውን ስም ደብቃችሁ ለስራው ቁጥር ብቻ ስጡት፣ አለበለዚያ የጓደኛ ስራ ነው የሚያልፈው።

ምንም መሳሪያ ከሌለስ? ስቲቭ ራይክ የሚባል አሜሪካዊ፣ እሱም በህይወት ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሁለት ሰው ጭብጨባ ብቻ የጻፈው ስራ አለ። 12 ምት ያለው አንድ አይነት ጭብጨባ ነው፣ ሁለቱም አብረው ይጀምራሉ፣ ከዛ አንዱ እንዳለ ሲቀጥል ሌላኛው በየጊዜው አንድ አንድ ምት እየዘለለ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩትና ታያላችሁ። እስክስታ ላይ ሲያጨበጭብ ያደገ ልጅ ግን ቶሎ ይገባዋል ባይ ነኝ። ኖታው ከአሳታሚው ይገዛል።

አሁን ልምምዱ ጋ እንምጣ፣ ነገር የሚበላሸው እዚ ነው። ክራር በአንድ ጊዜ ለአንድ ቅኝት (ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአንቺሆዬ ወይ ለአምባሰል) ብቻ ነው የሚቃኘው፣ ተጫዋቿ ትዝታ ተጫውታ ስትጨርስ ቀጣዩ ስራ ባቲ ከሆነ ልጅቷ መድረክ ላይ ሰው እያያት ክር ስታጠብቅ ስታላላ መቆየቷ ነው፣ አዳራሹም ወሬ ይጀምራል። ስለዚ የስራዎቹን ቅደም ተከተል በቅኝት አውጡት፣ ትዝታዎቹን ባንድ ላይ፣ ባቲዎቹን ባንድ ላይ፣ አንቺሆዬና አምባሰል ካሉ ደሞ ከእረፍት በኋላ፣ ወይ ደሞ ሁለት ሶስት ክራር ቀድሞ ተቃኝቶ ይቀመጥ። ማሲንቆ ላይ ድምፁ በጣት ስለሚገኝ ብዙም አያስቸግርም። ዋሽንት ግን ድምፁ ከተበሳ በኋላ አይቀየርም፣ ተጫዋቹ የተለያየ ዋሽንት ይዞ ነው የሚዞረው፣ ስለዚ የትኛው ስራ በየትኛው ድምፅ እንደሆነ ከሳምንት በፊት ንገሩት። ኪቦርድ አብሮ ካለ ሁሉም ለኪቦርዱ ይቃኝ። ብርዱንም አትርሱ፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ የዋሽንት ድምፅ ይወርዳል፣ ክሩም ይለወጣል፣ እርጥበት ካለ የከበሮና የማሲንቆ ቆዳ ይረግባል። መሳሪያው መኪና ውስጥ አይደር፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ይግባ፣ ከዛ እንደገና ይቃኝ። ሳውንድ የሚሰራውን ልጅ ደሞ ኢኮውን እንዲዘጋ ለምኑት፣ የሰርግ ቤት ኢኮ ከተለቀቀበት ማሲንቆና ዋሽንት ተለይቶ አይሰማም።

ልምምዱን ለተማሪ ክፍት አድርጉት። አንደኛው ቀን ከሰዓት ደራሲው ፊት ስራው ይሞከራል፣ ደራሲው ያቋርጣል፣ "እቺን ቀስ በላት"፣ "ከበሮው እዚ አይግባ" ይላል፣ እንደገና ይሞከራል። ከመቶ ገጽ ጥናት ይሄ ይሻላል ብዬ ነው የማምነው። ማታ ኮንሰርቱ ላይ ደሞ እያንዳንዱ አዲስ ስራ ሁለቴ ይሰማ፣ አንዴ ዝም ብሎ፣ ከዛ ደራሲው አምስት ደቂቃ አውርቶ፣ ከዛ እንደገና። አዲስ ነገር አንዴ ሰምቶ ወደድኩ ጠላሁ ማለት ከባድ ነው። መድረክ የሚመራው ሰው "ማን አነሳሳዎት" የሚል ጥያቄ አያምጣ፣ የቱን ክፍል ጽፈው ጣሉት፣ ተጫዋቹ የቱ ጋ አስቸገርዎት ብሎ ይጠይቅ።

የመክፈቻ ንግግር ሁለት ሰው ይበቃል።

ፈቃድ ነገር፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስራን በህዝብ ፊት የማቅረብን መብት ለደራሲው ነው የሚሰጠው፣ ደራሲው ካረፈም በኋላ 50 አመት ይጠበቃል። ስለዚ ምንም ያህል ጓደኛ ብትሆኑ አንድ ገጽ ላይ ተፈራረሙ፣ ምን እንደሚቀርብ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ቪዲዮው ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ ይውጣ አይውጣ ይጻፍ። ተጫዋቾቹም ይፈርሙ፣ የነሱም መብት እዛው አዋጅ ውስጥ አለ። ክፍያው በደብዳቤና በፊርማ የሚዞር ከሆነ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩት፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ሰው 130 ኪሎ ሜትሩን በራስህ ኪስ ና በኋላ ይወራረዳል አትበሉት፣ የትራንስፖርቱን ቀድማችሁ ስጡት። ማታ ተመለስም አትበሉት፣ ማደሪያ ያዙለት፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያለበት።

ሲያልቅ የተቀዳውን ድምፅ ሳትቆርጡ ለየደራሲው ላኩለት፣ የልምምዱንም ጭምር፣ እሱ ስራውን የሚያርምበት ያ ነው። የታረመውን ኖታ ሲልክላችሁ አንድ ቅጂ ላይብረሪ አስገቡ።