የሳይኮሎጂ ዲግሪን እንዴት ማጥናት ይቻላል? ደብረ ብርሃን ለሚማሩ

ሳይኮሎጂ ተማሪን የሚጥለው ከብዶ ሳይሆን ቀሎ ነው። ስለ መርሳት፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈውን ስታነቡ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ያሰኛል። ሚድ ላይ አራቱ ምርጫዎች ሲደረደሩ ግን ሁሉም ልክ ይመስላሉ። ይህ ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወይም ሊገባ ላሰበ ተማሪ ነው፤ ሌላ ቦታ የምትማሩም ብትሆኑ ከብርዱ በቀር ብዙ የሚለየው ነገር የለም።

ዲፓርትመንት ከመምረጣችሁ በፊት

ጄኔራል ሳይኮሎጂን ፍሬሽማን ላይ ሁሉም ይወስደዋል፤ ብዙው ተማሪም ግሬድ ማንሻ ያደርገዋል። ዲፓርትመንቱን ለምትፈልጉት ግን መሞከሪያችሁ እሱ ነው። እዚያ አንድ ምዕራፍ የነበሩት ስብዕና፣ የሰው ልጅ ዕድገትና የአእምሮ ሕመም በኋላ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኮርሶች ሆነው ይመጣሉ። ደብተሩን አትጣሉት። «ሰው ማማከር እወዳለሁ» ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ መሃል ላይ ስታትስቲክስ፣ የምርምር ዘዴና የሥነ ልቦና ፈተናዎች አሉ። ለቤተሰብም አስቀድማችሁ አስረዱ፦ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አያዝም።

ልዩነቱን አጥኑ

የሳይኮሎጂ ፈተና የሚያጠምደው በሚመሳሰሉ ጥንድ ቃላት ነው። ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ (ሁለት ነገሮችን አያይዞ መማር) እና ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ (ከድርጊት ውጤት መማር)፣ ሪላያቢሊቲ (መለኪያው ሲደጋገም ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱ) እና ቫሊዲቲ (ሊለካ የታሰበውን መለካቱ)፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው ግን ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው፤ «ኔጌቲቭ» ሲባል ቅጣት ይመስለዋል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። አንድ ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ? ባህሪው በረታ ወይስ ቀነሰ?

ኅዳር ላይ ማታ ከላይብረሪ ስትወጡ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ደረባችሁ፤ ብርዱ ለቀቃችሁ። በማግስቱ ጋቢውን ሳትረሱ ይዛችሁ ወጣችሁ። የተነሳው ብርዱ ነው፤ የበረታው ጋቢ መያዙ ነው። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ይኸው ነው። የዶርም ጓደኛችሁ ስለሳቀባችሁ ጋቢውን መልበስ ከተዋችሁ ደግሞ ቅጣት ሆነ፤ ሳቁ ተጨመረ፣ መልበሱ ቀነሰ። ለእያንዳንዱ ጥንድ እንዲህ ያለ ምሳሌ ከራሳችሁ ኑሮ አውጡና ከሃንድአውቱ ምሳሌ ጎን ጻፉት። የመምህሩን ምሳሌ ብቻ ይዞ የገባ ተማሪ፣ ፈተናው ላይ ምሳሌው ሲቀየር መልሱ ይጠፋዋል።

ዘግታችሁ ጻፉ

የተለመደው አጠናን ሃንድአውቱን በሃይላይተር አቅልሞ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ አመጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት በለጧቸው። ማታ አንብቦ ጠዋት የሚፈተን ሰው ጥናቱ የሠራለት የሚመስለው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ክፍል በገባችሁበት ቀን ማታ ደብተሩን ዝጉና በባዶ ወረቀት ላይ ለ15 ደቂቃ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉት። በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ድገሙት። ጊዜ ሲያጥር በሌላ ቀለም የተጻፈውን ብቻ አጥኑ። አልጋ ላይ ባና ተከናንቦ ማጥናት ግን ይቅር፤ የመንዝ ባና የሚያመጣው እንቅልፍ ነው።

ስታትስቲክስን በእጅ ጀምሩ

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት አንዱን ስሌት በወረቀት ጨርሱት፤ ለምሳሌ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየውን ቁጥር። የአምስት ተማሪዎች ውጤት 4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10 ነው እንበል። ድምሩ 35፣ አማካዩ 7። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት −3፣ −1፣ 0፣ 1፣ 3። እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ 9፣ 1፣ 0፣ 1፣ 9፤ ድምሩ 20። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ነው። አምስቱ የምታጠኑት ቡድን ሙሉ በሙሉ ከሆኑ 20 ለ5 ይካፈላል፣ 4 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱ 2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 2 ነው። ከትልቅ ቡድን የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ ግን የሚካፈለው ለ4 ነው፤ መልሱ ወደ 2.24 ይጠጋል። ኤስፒኤስኤስ የሚሰጣችሁ ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከወረቀታችሁ ጋር ካልገጠመ ኮምፒውተሩን አትጠርጥሩ።

የሕመም ስም ሰው ላይ አትለጥፉ

ስለ አእምሮ ሕመም የሚያስተምረው አብኖርማል ሳይኮሎጂ ሲጀመር ግማሹ ክፍል ራሱን በሽተኛ ያደርጋል። መድኃኒቱ መስፈርቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። በዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያ) ከባድ ድብርት ለማለት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት መቆየት አለባቸው፤ ከነሱም አንዱ የተደበተ ስሜት ወይም የፍላጎት መጥፋት መሆን አለበት፤ ኑሮንም ማወክ አለበት። ሁለት ቀን ሆድ መባባት ድብርት አይባልም።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም። በአሳይመንት ሰበብ ሰው ልታነጋግሩ ብትሄዱ የምትሰሙና የምትመዘግቡ ተማሪዎች ናችሁ። መድኃኒት የጀመረውን «አቋርጥ»፣ ጠበል የገባውን «ውጣ» ማለት የእናንተ ድርሻ አይደለም። የሚያሳስብ ነገር ካያችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ፤ ወደ ጤና ተቋም የሚላክበትን መንገድ ከሱ ጋር ፈልጉ።

የመመረቂያ ጽሑፍ

ፕሮፖዛሉ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጠይቁ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን መጠይቅ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች አስተያዩ። በተለይ አሉታ ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ተጠንቀቁ። «ዋጋ እንደሌለኝ አይሰማኝም» ለሚለው «አልስማማም» ያለ ሰው ምን ማለቱ ነው? ሞላዩም አያውቀውም፣ እናንተም አታውቁም። «ዋጋ እንዳለኝ ይሰማኛል» ብላችሁ አቅኑት። ከማባዛታችሁ በፊት ናሙና ውስጥ ለማይገቡ አምስት ስድስት ሰዎች ስጡና እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

መልሱ ከ1 እስከ 5 ሆኖ አንዳንድ ጥያቄዎች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጻፉ ከሆነ፣ ከመደመራችሁ በፊት የእነሱን ውጤት ከ6 ቀንሱ፤ 5 የነበረው 1 ይሆናል፣ 4 የነበረው 2። ይህ ከተረሳ የክሮንባክ አልፋ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይሆናል። አልፋው ከ0.70 ሲያንስ ተማሪ ጥያቄዎችን መሰረዝ ይጀምራል። መጀመሪያ ያልተገለበጠ ጥያቄ መኖሩን አጣሩ።

ኤግዚት ኤግዛም

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚያካትታቸውን ኮርሶች ዝርዝር ከዲፓርትመንቱ በጊዜ ውሰዱ። ከዚያ የየኮርሱን በሌላ ቀለም የተሞሉ ወረቀቶች አውጡና፣ ዘግቶ መጻፉን በጣም ከተረሳው ኮርስ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ ያ ኮርስ የመጀመሪያ ዓመቱ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ሆኖ ይገኛል።